የመርዶ ሽቦ

ጣልያን ሳይገባ፣ የአራዳ ገበያ ገና ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ሥር በሚቆምበት ዘመን፣ እኔ ስልከኛ ነበርኩ። ዛሬ ፒያሳ የምትሉት ሰፈር ነው። የምሠራበት ቤት ቆርቆሮ ክዳን ያለው አንድ ክፍል ነበር፤ ግድግዳው ላይ የእንጨት ሣጥን ተሰቅሏል። ሣጥኑ በጎኑ ማዞሪያ፣ በአናቱ ሁለት ደወሎች አሉት። ማዞሪያውን ሳዞር ደብረ ብርሃን ያለው ባልንጀራዬ ዘንድ ይደወላል፤ እሱ ሲያዞር እኔ ዘንድ። አዲስ አበባ ያለ ሰው ደብረ ብርሃን ያለ ዘመዱን ማነጋገር ሲፈልግ ወደ እኔ ይመጣል፤ ባልንጀራዬ ዘመዱን ከቤቱ ያስጠራለታል፤ ሁለቱ በሽቦው ይገናኛሉ። በበቅሎ ሦስት ቀን የሚያስኬደውን መንገድ ቃል በአንድ ትንፋሽ ይሄደዋል። ነገሩ ይኸው ነው፤ ከዚህ የሚቀል የለም። ግን ማን ይምጣ!

ሰዎች ስለዚያ ዘመን ሲያወሩ “ሕዝቡ ስልክን ሰይጣን ነው ብሎ ፈራው” ይላሉ። ይህን ስሰማ እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል። እርግጥ ነው፣ ሲያልፉ የሚያማትቡ ነበሩ። ሽቦውን ቆርጠው ለአምባር የሚወስዱም ነበሩ፤ ሰይጣን ነው ብሎ ያመነ ሰው ግን ክንዱ ላይ አያስረውም። የአራዳ ሰው ሞኝ አልነበረም። የህንዱን ጨርቅ፣ የአርመኑን ጫማ፣ የግሪኩን ዳቦ በየተራ ሞክሮ የወደደውን ወስዷል፣ ያልወደደውን ትቷል። ስልኩን የተወው ሰይጣን ስላለበት አይደለም። እኔ ስላበላሸሁበት ነው።

እንዴት እንዳበላሸሁት ልንገራችሁ። ሥራውን ያስተማረኝ ፈረንጅ አንድ ሕግ ብቻ ነበረው፤ የሰማኸውን ተናገር፣ አትጨምር፣ አትቀንስ። እኔ ደግሞ የሃያ ዓመት ጎረምሳ ነኝ፤ ጫማ አድርጌያለሁ፤ ሕጉን እንደ ዳዊት በቃሌ ይዤዋለሁ። ሥራ በጀመርኩ በወሩ ከደብረ ብርሃን ተደወለ። እዚያ የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ማረፋቸውንና ትናንት መቀበራቸውን፣ ልጃቸውም አራዳ ኮርቻ ሰፊ መሆኑን ባልንጀራዬ ነገረኝ፤ ለልጁ እንድነግረውም አዘዘኝ። የኮርቻ ሰፊው ሱቅ ከእኔ ፊት ለፊት ነበር። በሬ ላይ ቆሜ ጠራሁት። ወስፌውን እንደያዘ እየሳቀ መጣ፤ የገበያው ሥራ ፈት ሁሉ ስልክ ሲያናግር ለማየት ከኋላው ተግተልትሎ ገባ። ጊዜው ቀትር ነበር። እኔም ቀጥ ብዬ ቆሜ፣ “አባትህ ሞተዋል፤ ትናንት ተቀብረዋል” አልኩት።

ሰውየው እንደቆመ ወደቀ።

በአገራችን መርዶ እንዲህ አይነገርም። መርዶ የሚነገረው ሲነጋጋ ነው፣ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ፤ ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ፣ የሚደግፈውም ሰው ከአጠገቡ ተቀምጦ። ያም ሆኖ በቀጥታ አይነገርም። መጀመሪያ “ትንሽ አሟቸዋል” ይባላል፤ ከዚያ “ጠንቶባቸዋል” ይባላል፤ ሰውየው ሌሎቹ ሳይናገሩ በልቡ ይደርስበታል። ይህን የማያውቅ ልጅ በአገሩ የለም። እኔም አውቀው ነበር፤ ጫማውና ሣጥኑ አስረሱኝ እንጂ። ያን ኮርቻ ሰፊ ከወለሉ ስናነሳው የተሰማኝን እፍረት ዛሬም አልረሳሁትም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ስልክ ቤቱ “መርዶ ቤት”፣ ሽቦውም “የመርዶ ሽቦ” ተባለ። የአራዳን አፍ መቼም ታውቁታላችሁ። በሱቆቹ መካከል ሳልፍ እንደ ሰላምታ “ዛሬ ተራው የማን ነው?” ይሉኛል። አንድ ቀን ጠጅ ቤት ብገባ፣ አንዱ “እባክህ እኔ ዘመድ የለኝም፤ ወደዚያ ሂድልኝ” ብሎ አግዳሚውን ለቀቀልኝ። አብሬያቸው እስቃለሁ። ቤቴ ስገባ ግን ጫማዬን አውልቄ ከአልጋው ሥር እወረውረዋለሁ።

ስልክ ቤቱ ዘበኛ ነበረው፤ ነጭ ጺማቸው ደረታቸው ላይ የሚወርድ፣ ብዙ ያዩ ሽማግሌ። መልእክት ሲመጣም ለባለቤቱ ይዘው የሚሄዱት እሳቸው ናቸው። አንድ ቀን ተክዤ ቢያዩኝ፣ “ልጄ፣ ሽቦው ምን አጠፋ? ንግግር ያላስተማርከው አንተ ነህ” አሉኝ። ከዚያ ወዲያ በእሳቸው ምክር ሄድን። የሞት ወሬ ሲመጣ ለእሳቸው ብቻ በጆሯቸው እነግራቸዋለሁ፤ እሳቸው የሟችን ወገን አፈላልገው ያሰባስቡና፣ ሲነጋጋ አብረው ወደ ቤቱ ይሄዳሉ። ነገሩን ወደ ሥርዓቱ መለስነው ብለን ደስ አለን። ውሎ አድሮ ግን ሽማግሌው ራሳቸው መርዶ ሆኑ። ጎህ ሲቀድ የእሳቸው ጺም በአጥር በኩል ብቅ ካለ፣ የሰፈሩ ሴት ሳይነገራት ወገቧን መታጠቅ ትጀምራለች። ይህን ያኔ ልብ ብዬው ቢሆን ኖሮ፣ ቀጥሎ የምነግራችሁ ነገር ባልደረሰብኝ።

በዚያው ክረምት ልቤ ሄደ። ከራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ የሚኖሩ አንዲት ፈትል ነጋዴ ነበሩ። ባላቸው ሞተውባቸው ሁለት ሴቶች ልጆችን ብቻቸውን ያሳደጉ ሴት ናቸው። ትልቋ ልጅ ደብረ ብርሃን ለግብር ቤት ጸሐፊ ተድራለች። ትንሿ ግን ከእናቷ ጋር ናት፤ በየማለዳው የፈትሉን ቅርጫት ይዛ በስልክ ቤቱ ፊት ወደ ገበያ ታልፋለች። የምላችሁ እሷን ነው። ሌላው ሰው በእኔ በር ሲያልፍ መሬት መሬቱን ያያል። እሷ ግን ቀና ብላ ሽቦውን ከግንድ ወደ ግንድ በዓይኗ ትከተለዋለች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናብ ያዛቸውና እናትና ልጅ እኔ ጣራ ጥግ ተጠለሉ። እናትየዋ ከመቻኮላቸው የተነሳ ቤቱ የማን እንደሆነ አላስተዋሉም። በርጩማ አወጣሁላቸው። “ተባረክ፣ የማን ቤት ልጅ ነህ?” እያሉ መረቁኝ። ምርቃቱ ሳያልቅ ደወሉ ጮኸ። እናትየዋ በርጩማውን ገልብጠው ተነሱ፣ አማተቡ፣ ልጃቸውን በእጇ ይዘው ዶፉ ውስጥ ገቡ። ልጅቱ እየተጎተተች ወደ ኋላ ዞራ ሳቀች። በእኔ ይሁን በእናቷ አላወቅሁም። ለእኔ ግን በቃኝ።

ቤት ያከራዩኝ ሴትዮ ነገሩን እንዲያሸቱልኝ ላክኋቸው። መልሱን ይዘው ሲመጡ ፊታቸው አላማረኝም። እናትየዋ ያሏቸው እንዲህ ነው፤ “ልጁ ጨዋ ነው፤ አይቼዋለሁ። ግን ማታ ቤቱ ሲገባ የሰው እንባ ይዞ ነው የሚገባው። ትልቋ ልጄ እርጉዝ ናት፤ ኅዳር ላይ ትወልዳለች። የፊተኛውን እዚሁ በእጄ ላይ ወልዳ ለጥቂት ነው የተረፈች። አሁን እኔ እዚህ፣ እሷ እዚያ። በዚህ ጭንቄ ላይ መርዶ ነጋሪ ቤቴ አላስገባም።” ከዚያ አከራዬ ትከሻዬን ቸብ አድርገው፣ “አይዞህ፣ የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል” ብለው ሳቁብኝ።

እንግዲህ ነገሬ ቁልጭ ብሎ ታየኝ። ሽቦው ስሙን ካልቀየረ እኔ ያችን ልጅ አላገባም።

ከዚያ በኋላ በገበያ ቀን በሬ ላይ ቆሜ እንደ ሸቀጥ እጣራ ጀመር። “ኑ፣ ዘመዳችሁን አነጋግሩ!” እላለሁ። አንዲት ቅቤ ሻጭ ቆም ብላ አየችኝና፣ “ወንድሜ ደህና ከሆነ ምን አስጠራዋለሁ? እሱስ ከቤቱ ሲጠራ ምን ይመስለዋል? ደንግጦ ይሞትብኝ?” አለችኝ። ለፈረንጁ ብነግረው፣ ስልክ ፈጣን ነው፣ ድካም ይቀንሳል በላቸው አለኝ። ይህን ለዘበኛው ባወራቸው ደግሞ፣ “ፍጥነት ለምን ይሆናቸዋል? ደስታ መቼ ቸኩሎ ያውቃል?” አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ሠርጉም ክርስትናውም ከወራት በፊት ይታወቃል። ተቻኩሎ የሚመጣ ሞት ብቻ ነው። ለምን እንደሚጠቅም እኔ ራሴ በቅጡ ያላወቅሁትን ነገር ሰው እንዲወድልኝ ነበር የምለምነው።

ኅዳር ሲገባ አከራዬ ሌላ ወሬ ይዘው መጡ። አንድ ቆዳ ነጋዴ ልጅቱን ሊጠይቅ ሽማግሌ እያዘጋጀ ነው አሉኝ። በዚያው ቀን ዘበኛውን አማከርኳቸው። “ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ” አሉ፤ “ነገ ዛሬ ሳትል ሽማግሌ ላክ። እምቢ ያሉት በሰው አፍ ነው፤ ሽማግሌ ደጃቸው ላይ ሲቆም ሌላ ነው።” ሦስት ሰዎች መረጥን። አንዱ የንስሐ አባቴ ናቸው። ሁለተኛው ጎረቤቴ የወሎ ሰው ጨርቅ ነጋዴ ነው፤ ስግደቱን የማያስታጉል፣ ቃሉ በአራዳ ሁሉ የሚከበር። ሦስተኛውን ስናስብ ዘበኛው ጺማቸውን እየደባበሱ፣ “እኔስ? አፌ የተፈታ ነው፤ ልናገርልህ” አሉ። ተነስቼ ጉልበታቸውን ሳምኩ። ደስ ብሎኝ ነበር። ያን ሌሊት ዓለም የእኔ መስሎኝ ተኛሁ።

የሽምግልና ሥርዓት ይታወቃል። ሽማግሌ በማለዳ ይሄዳል፣ ባለቤቱ ከቤት ሳይወጣ። ግቡ፣ ተቀመጡ ቢባልም ጉዳዩ ካልተፈጸመ አይቀመጥም። ቆሞ ይለምናል፤ እሺ ከተባለ ይቀመጣል።

የሆነውን በኋላ ጨርቅ ነጋዴው ነገረኝ። የድልድዩ ጭጋግ ገና አልተነሳም። አጥሩን አልፈው ሦስቱ ጎን ለጎን ቆሙ፣ ጋቢያቸውን አስተካከሉ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እናትየዋ በሩን ሲከፍቱ ያዩት ጎህ ሲቀድ መስቀል የያዙ ቄስ ነው፤ ከአጠገባቸው ደግሞ የስልክ ቤት ዘበኛ። ማንም አፉን አልከፈተም።

“ልጄን!” ብለው ጮኹ። ጩኸቱ ከድልድዩ ማዶ ተሰማ።

ቄሱ ደንግጠው፣ “ኧረ እመቤቴ፣ ለደግ ነው የመጣነው!” አሉ። መርዶ የሚያረዳ ሰው መጀመሪያ የሚለው ይህንኑ ነው። ዘበኛው ጣልቃ ገብተው፣ “ልጅዎ ደህና ናት፣ ምንም አልሆነች” አሉ። ይህንም መርዶ ነጋሪ ይላል፤ ልብን ለማለዘብ። እናትየዋ ይብስ ደረታቸውን መቱ። ጨርቅ ነጋዴው ሲጨንቀው፣ “ወላሂ ማንም አልሞተም!” ብሎ ማለ። “እሱ ሲምል ጊዜ ነው የቀረችኝ ተስፋ የተቆረጠች” ብለውኛል እናትየዋ ከዓመታት በኋላ። ሽማግሌዎቹ በካዱ ቁጥር ሞቱ ይረጋገጣል። ጎረቤት ተደርቦ መጣ። ሴቱ ነጠላውን ዘቀዘቀ፤ አንዷ ሙሾ አወረደች፤ ወንዶቹ ደብረ ብርሃን ማን ይሂድ እያሉ በቅሎ መቁጠር ጀመሩ። የእኔ ሽማግሌዎች ግን መሄድ አይችሉ፣ መቀመጥ አይችሉ፣ ለቅሶው መካከል እንደ ግንድ ቆመው ቀሩ።

ጨርቅ ነጋዴው ብቻ አምልጦ እየሮጠ ዳገቱን ወጥቶ መጣ። “አንተ ልጅ! ሽምግልናህ ለቅሶ ሆነ!” አለኝ። መጀመሪያ አፈርኩ። ቀጥሎ ደግሞ ፍርሃት መጣ፤ ትልቋ ልጅ ወሯ ገብቷል፤ እውነት ሞታ ቢሆንስ? እኔ ምን አውቃለሁ? ማዞሪያውን እስኪነቀል አዞርኩት። ባልንጀራዬ እያዛጋ አነሳ። የጸሐፊውን ሚስት አሁኑኑ አምጣልኝ አልኩት።

“በዚህ ብርድ? ወሯ የገባ ሴት?”

“ተሸክመህም ቢሆን!” አልኩት። እንዲህ ጮኼበት አላውቅም።

ወደ ድልድዩ ተመልሶ ለእናትየዋ የነገራቸው ጨርቅ ነጋዴው ነው። ልጅዎን በሽቦው ያነጋግሯታል ሲላቸው ከመሬት አልተነሱም። ያስነሳቻቸው ትንሿ ልጅ ናት። እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ፣ “እማዬ፣ ከሞተች ያው እናለቅሳለን፣ የትም አይሄድብን። ካለች ግን ድምጿን እንስማ” አለቻቸው። እኔ ለወራት በገበያው ላይ ስጮህ ያልመጣልኝ ነገር፣ እሷ በአንድ ትንፋሽ አለችው።

እንዲህ ሆኖ ለቀስተኛው ሁሉ ተነሳ። ከድልድዩ እስከ አራዳ ያለውን ዳገት እየጮኸ ወጣ። ሱቅ ከፋቾቹ መዝጊያቸውን እንደያዙ ቆመው አዩ። እስከዚያ ቀን ሰው ከስልክ ቤት እያለቀሰ ሲወጣ ነበር የሚያዩት፤ እያለቀሰ ሲገባ ይህ የመጀመሪያ ነው። ኮርቻ ሰፊው እንኳ ወስፌውን ጥሎ መጣ። ቤቴ ሞልቶ በሩና መስኮቱ በሰው ተደፈነ። ደወሉን ጠበቅን። እናትየዋ በርጩማ ቢሰጧቸው እምቢ ብለው ወለሉ ላይ ተቀምጠዋል። እኔን ቀና ብለው አላዩኝም።

ደወሉ ጮኸ። አነሳሁት። መጀመሪያ የሰማሁት ለቅሶ ነው፤ የሴት ለቅሶ። ከለቅሶው መካከል ግን፣ “እናቴን ምን አገኛት? ንገሩኝ፣ አትደብቁኝ! መቼ ነው የሞተችው?” ይላል። ለካ በጎህ ወደ መርዶው ሽቦ ስትጠራ እሷም የመሰላት ያው ነው።

ጆሮ ላይ የሚደረገውን ለእናትየዋ ያዝኩላቸው።

“እማዬ?”

“ልጄ! አለሽ?”

“አለሁ! አንቺ አለሽ ወይ?”

“አለሁ! አንቺስ አለሽ?”

“አለሁ እማዬ!”

ይህንኑ ስንት ጊዜ እንደተባባሉ አልቆጠርኩም። ሌላ አንድም ቃል አልጨመሩም። ድምፃቸው ለሦስት ቀን መንገድ የሚበቃ እንዲሆን ሁለቱም ባለ በሌለ ኃይላቸው ይጮኻሉ፤ ሽቦውም ጩኸቱን አስተላልፎ ለቤቱ ሁሉ ያሰማል። በሩ ላይ ያሉት ሴቶች አንዷ ለሌላዋ “አለች፣ አለች” እያሉ ወሬውን ወደ ውጭ አሳለፉ። ነጠላ ሁሉ ተቃንቶ ተለበሰ። ቄሱ ወደ ግድግዳው ዞረው ዓይናቸውን ጠረጉ። የቅቤ ሻጯ ጥያቄ መልስ ያኔ ነው የገባኝ። ወንድሟ ደህና ከሆነ ለምን ትጠራዋለች? ደህና መሆኑን ራሱ እንዲነግራት ነዋ! ፍጥነት እያልኩ ስሰብክ የከረምኩት ለከንቱ ነው። ሰው የሚፈልገው “አለሁ” የሚለውን በዘመዱ በራሱ ድምፅ መስማት ነበር። ይህን ደብዳቤም ሆነ ተላላኪ አያደርስለትም።

ከዚያ በኋላ ማስታወቂያ ማስነገር አላስፈለገኝም። በዚያው ሳምንት ለቀስተኛ ሆነው ከመጡት ሴቶች አንዷ እህቷን ልታነጋግር መጣች፤ ቀጥላ ሌላዋ። ሰልፉ እስከ ኮርቻ ሰፊው ሱቅ ይደርስ ጀመር። እሱም ለወረፋ ጠባቂው አግዳሚ አውጥቶ ያስቀምጣል። አብዛኞቹ የሦስት ቀን መንገድ አሻግረው የሚያወሩት እንዴት አደርሽ፣ እንዴት አደርሽ፣ ብቻ ነበር። ፈረንጁ ይህን ሲሰማ ሽቦው በከንቱ ተያዘ ብሎ ተናደደ። ተወው፣ ሥራውን እየሠራ ነው አልኩት።

ይህ ሁሉ ግን በኋላ የሆነ ነው። በዚያን ዕለት ጠዋት እኔ ገና ሚስት የለኝም፤ ሽማግሌዎቼም ገና እንደቆሙ ናቸው። ትልቋ ልጅ በዚያ ማዶ፣ በዚህ ሆዴ በጭጋግ አስጎትታችሁ እያለች መቆጣት ስትጀምር፣ እናትየዋ ልባቸው ወደ ቦታው ተመለሰ። ሳቁም። ትንሿን ጠርተው፣ “ነይ፣ እህትሽን ሰላም በያት” አሏት።

ልጅቱ ቀረበች። እጇ እጄን ነካኝ። ያን ያህል ቀርባኝ አታውቅም። አፏን ሣጥኑ ላይ አስጠግታ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ እንደ እናቷ ጮኸች።

“እታለም! እኔ ነኝ! ማንም አልሞተም! ሽማግሌዎቹ የመጡት ለእኔ ነው! ... አዎ፣ ሊጠይቁኝ! እማዬ ሳትሰማቸው አለቀሰች! ... ስልከኛው ነዋ! ... አዎ፣ እሱ! ቀጭን ነው፣ ግን መልካም ነው!”

መስኮቱ ላይ የተንጠለጠሉት አንገታቸውን ይበልጥ አሰገጉ። እሷ ግን በዓለም ላይ እሷና እህቷ ብቻ ያሉ ይመስል ቀጠለች።

“እታለም፣ ስሚኝ! ለቆዳ ነጋዴው እንዳትሰጠኝ ለእማዬ አንቺ ንገሪልኝ! እኔ አፍሬ መናገር አልችልም! ለስልከኛው ካልሰጠችኝ ደብረ ሊባኖስ ገብቼ እመነኩሳለሁ ብላለች በያት!”

እማዬ የሚሏቸው ሴት ከልጃቸው አንድ ክንድ እንኳ አይርቁም። ጨርቅ ነጋዴው በኩታው አፉን አፈነ። እኔ የት ልግባ? ወለሉን አየሁ፣ ጣራውን አየሁ፣ ጆሮዬ እሳት ሆነ፤ ደስታዬ ደግሞ ለመደበቅ ከእኔ በላይ ሆነብኝ። ልጅቱ ዓይኗን ገልጣ ሰዉን ስታይ፣ የያዘችውን ለእናቷ ሰጥታ በነጠላዋ ተሸፈነች። ሰው ሁሉ እንደሚሰማት ታውቅ ነበር ወይስ አታውቅም? ሃምሳ ዓመት አብረን ስንኖር ደጋግሜ ጠይቄያታለሁ፤ “ሥራህን ሥራ” ከማለት በቀር መልሳልኝ አታውቅም።

እናትየዋ ተቀብለው ጆሯቸው ላይ አደረጉ። አሁን የሰሙትን ነገር ሁሉ ከትልቋ ልጃቸው አፍ እንደ አዲስ፣ በትዕግሥት፣ አንገታቸውን እየነቀነቁ አዳመጡ። “እንዴ? እንዲህ አለች?” አሉ በመገረም። “ትመነኩሳለች? ... ተይ እንጂ ... እሺ፣ ሰማሁ” አሉ። ከዚያ የጆሮውን ለእኔ መለሱልኝ፤ አዩኝም፤ ከእግር እስከ ራሴ። ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ።

“ከጎህ ጀምሮ ቆማችሁልኛል” አሏቸው። “በሉ ቤት ግቡና ተቀመጡ።”

ቄሱ ምርቃት ጀመሩ፤ ሰዉ አሜን እያለ ተከተላቸው። ለቀስተኛው፣ ሽማግሌዎቹ፣ እናትና ልጅ ሁሉም ተያይዘው ወደ ድልድዩ ወረዱ። እኔ ሽቦውን ክፍት ትቼ መሄድ ስለማልችል ብቻዬን ቀረሁ። ልዘጋው ስል ድምፅ ሰማሁ።

“ሃሎ! ሃሎ! የት ሄዳችሁ? እማዬ ምን አለች? ምን አለቻቸው?”

“ተቀመጡ አሏቸው” አልኳት።

ከዚያ ከደብረ ብርሃን፣ በብርድ ተጎትታ ከመጣችበት፣ እልልታዋን ለቀቀችው። ጆሮዬን ያመኝ ነበር፤ ግን እስክትጨርስ ድረስ አላራቅሁትም።